የእናት ጠላና የአማች ቢራ፦ ጌሾው መቼ ይግባ?

የዛሬው ጨዋታችን ከፍቅር ይጀምርና ጓዳ ይገባል። ጓዳ ከገባ በኋላ ደግሞ ቶሎ አይወጣም፤ ጋን ይከፍታል፣ ጥንስስ ያሸታል፣ ጌሾ ይለካል። «ይሄ ልጅ ምን ነካው? ስለ ሚዜና ስለ ቬሎ ሲያወራን ከርሞ ዛሬ ጠላ ጠማቂ ሆነ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ የሰርግም የጠላም ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ለይቼ ላወራችሁ ብሞክር ወሬው ጎዶሎ ይሆናል።

የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው። ስሟንና ሰፈሯን ትቼ፣ ፍሬ ነገሩን ብቻ እንዲህ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ዕድሜዬ 26 ነው። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ቢሆንም እናቴ የግሼ ራቤል ሰው ናት። በልጅነቷ ወደዚህ መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ፣ እኔን ከወለደች በኋላ ግን ጠላ እየጠመቀች በመሸጥ ነው ያሳደገችኝ። በራችን ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋች ጣሳ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓደኞቼ ቤታችንን እንዳያውቁት በሌላ መንደር ዞሬ እገባ ነበር። አሁን ተምሬ ጥሩ ሥራ ይዣለሁ። እናቴም መሸጡን ከተወች 4 ዓመት ሆኗታል።

«ከፋሲካ በኋላ ላገባ ነው። እጮኛዬ ጥሩ ሰው ነው። ነገር ግን እናቴ በምን እንዳሳደገችኝ ሲጠይቀኝ ‹ነጋዴ ነበረች› ብዬ አልፌዋለሁ። እናቴ ደግሞ ‹የልጄን ሰርግ ጠላ እኔው ነኝ የምጠምቀው› ብላ ገብሱንም ጌሾውንም ከአገር ቤት አስልካለች። ችግሩ እጆቿ ታመውባታል፤ ማማሰያ ጨብጣ ማማሰል አትችልም። ‹አንቺ ትረጂኛለሽ› አለችኝ። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ከጓዳው ስሸሽ ስለኖርኩ ምንም አላውቅም።

«የእጮኛዬ ታላቅ ወንድም በቅርቡ ከውጭ አገር መጥቷል። እሱ ቢራ በቤቱ ይጠምቃል። ቢራው ፈልቶ ካለቀ በኋላ ሆፕ የሚባል ነገር ይጨምርበታል፤ ሲቀዳ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ታዲያ ቤታችን መጥቶ ‹ጌሾም እኮ የእናንተ ሆፕ ነው፤ መጨረሻ ላይ ብትጨምሩት ጠላው ዘመናዊ መዓዛ ይኖረዋል፣ እንግዳ ፊትም ይቀርባል› አለን። እናቴ ሰማችውና ዝም አለች። እናቴ ዝም ካለች ከፍቷታል ማለት ነው። እኔ ምን ላድርግ? ጌሾውን መጨረሻ ላይ ልጨምር? ወይስ ጠላው ይቅርና ቢራ ብቻ ይሁን? ለእጮኛዬስ እውነቱን ልንገረው?»

አንባቢያን፣ ደብዳቤው ይኼው ነው። ሦስት ጥያቄ አለው። እኔ ግን ሁለተኛውን ገና ከአሁኑ ልዝጋው፦ ጠላው አይቀርም! እናት ለልጇ ሰርግ ገብስ አስልካ «ይቅር» አይባልም። የቀሩትን ሁለቱን በተራ እንያቸው። ከጌሾው እንጀምር።

ሆፕ ምንድነው?

እህቴ፣ የእጮኛሽ ወንድም ያለው ነገር ግማሹ ልክ ነው። ልክ የሆነውን እንስጠውና የቀረውን እናርመው።

ሆፕ ሐረግ ነው። በእንጨትና በገመድ ላይ እየተጠመጠመ ወደ ላይ ይወጣል። ለቢራ የሚሆነው የሴቴዋ ተክል አበባ ነው። አበባው ሲፈለቀቅ ውስጡ ቢጫ ብናኝ አለ። የቢራ ሚስጥር ያለው እዚያ ብናኝ ውስጥ ነው። ሁለት ነገር ይዟል፦ አንደኛው የሚያመር አሲድ ነው፣ ሁለተኛው የሚሸት ዘይት ነው።

እነዚህ ሁለቱ በአንድ ድስት አይስማሙም። መራራው አሲድ ጠባዩን ቀይሮ መራራነቱን በደንብ የሚሰጠው ከብቅሉ ጭማቂ ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል ሲንተከተክ ነው። ዘይቱ ደግሞ እሳት አይወድም፤ ድስቱ ሲፈላ ከእንፋሎቱ ጋር ተንኖ ይሄዳል። ቡና ሲቆላ ቤቱን የሚያውደው መዓዛ ከምጣዱ የሸሸ መዓዛ አይደል? እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጠማቂዎች ዘዴ ፈጠሩ። ለምሬቱ የሚሆነውን ሆፕ ገና ሲፈላ ይጨምራሉ። ለሽታው የሚሆነውን ደግሞ ያስቀምጡና ቢራው በርዶ፣ እርሾው ሥራውን ጨርሶ ካረፈ በኋላ ሳይፈላ እንዲሁ ደረቁን ይነክሩታል። ከጥቂት ቀን በኋላ ያወጡታል። እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በርሜል ውስጥ እፍኝ ሆፕ እየጨመሩ ይሸጡ፣ ወደ ህንድ ለሚላከውም ቢራ እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ወንድምየው ቤቱ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሎሚ ሎሚ ያለውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። ፈረንጅም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ በሆፕ ብቻ አልጠመቀም። ብዙው የአውሮፓ ክፍል ቀድሞ ቢራውን የሚያጣፍጠው በተለያየ የዱር ቅጠል ድብልቅ ነበር። ሆፕ ቀስ በቀስ ገበያውን የያዘው መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ ስለሚጠብቅ ነው። በጀርመን ምድር የባቫርያ መስፍን በ1516 እ.ኤ.አ. ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር በሌላ ነገር እንዳይጠመቅ አወጀ። እኛ ደግሞ ጌሾአችንን ይዘን ቀረን። በ1922 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ሲቋቋም ሆፕ የያዘው መጠጥ መጣ፤ ጌሾ የያዘው ግን ከየጓዳው አልወጣም። ዛሬ ደብረ ብርሃን ከተማ ላይ ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች ቆመዋል። ከዚያው ከሰሜን ሸዋ ወደ መንዝና ወደ ግሼ ብትወጡ ግን የሰርግና የማኅበር መጠጥ ዛሬም ጠላ ነው።

ጌሾ ሆፕ ነው እንዴ?

አይደለም! ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ጌሾን «የኢትዮጵያ ሆፕ» ይሉታል። ለማስረዳት ያህል ይሁን፤ ግን ሁለቱ ዘመድ አይደሉም። ሆፕ ሐረግ ነው ብያለሁ፤ ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ። ከሆፕ የምንፈልገው አበባውን ነው፤ ከጌሾ ግን ቅጠሉንና እንጨቱን ነው።

ምሬታቸውም የተለያየ ነው። የኬሚስትሪው ሊቅ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው በ1995 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ጌሾ ቅጠል ውስጥ ያለውን መራራ ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» የሚል ስም ሰጥተውታል። አያችሁ? ጌሾአችን በስሙ የተጠራ የራሱ ምሬት አለው። ይህ ምሬት ደግሞ እንደ ሆፕ አንድ ሰዓት እሳት ላይ መንተክተክ አያስፈልገውም፤ በቀዝቃዛ ውሃም ይወጣል። ጌሾ የተነከረበትን ውሃ በማግስቱ የቀመሰ ሰው ይህን ያውቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ! ፈረንጅ መጨረሻ ላይ የደረሰበትን «ሳያፈሉ ደረቁን መጨመር» የኛ እናቶች የሚያደርጉት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ጥንስስ ማለት እኮ ያልፈላ ጌሾ በቀዝቃዛ ውሃ ነው! ወንድምየው «አዲስ ዘዴ ላሳያችሁ» ብሎ የመጣው ዘዴውን በየጓዳው ሲሠሩበት ለኖሩ ሰዎች ነው። እናትሽ ዝም ያሉት ወደው አይደለም።

ታዲያ ለምን መጀመሪያ ላይ ሆነ? ጌሾ ሁለት ሥራ ስላለው ነው። አንዱ ማምረር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማስጀመር! የቢራ ጠማቂ እርሾውን ከፓኬት አውጥቶ ይጨምራል። የጠላ ጠማቂ ፓኬት የላትም። ጠላውን የሚያፈላው እርሾ የሚመጣው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከራሱ ከጋኑ ነው። ጌሾው መጠጡን ከሚያበላሹ ተህዋስያን አንዳንዶቹንም ያዳክማል። እንግዲህ በር ከፋቹን ድግሱ ካለቀ በኋላ ብትጠሩት ምን ሊሠራላችሁ?

ራቤል ላይ ያየሁት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ወዳጄ ሰርግ በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ አድርጌ ራቤል ድረስ ሄጄ ነበር። የግሼ ወረዳ ከተማ ናት። የመንዝና የግሼ ደጋ ከባህር ወለል በላይ 3,000 ሜትር የሚያልፍ ቦታ የሞላበት አገር ስለሆነ ብርዱ አይጣል ነው! በማታ ጋቢ ደርቤ፣ በላዩ ላይ ሌላ ጋቢ ጨምሬ ቁጭ ብዬ ነበር። ገብስ ግን በዚያ ብርድ ይወዳል። የዚያ አገር ጠላም የገብስ ጠላ ነው።

ሙያ ያላቸው አንዲት እናት ድግሱን ይመሩ ነበር። «እማማ፣ ጓዳውን ልይ?» ስላቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል? ና እሺ፣ ግን እጅህን ኪስህ ክተት» አሉኝ። ገባሁ። ጠላው የተጠመቀው ቀደም ብሎ ነበር፤ የጋኑ አፍ በጭቃ ተመርጓል። ከጎኑ ሁለት ዓይነት ጌሾ ተቀምጦ አየሁ። አንዱ ተወቅጦ የላመ ቅጠል፣ አንዱ ተሰንጥቆ የደረቀ እንጨት። «ለምን ሁለት ሆነ?» አልኳቸው።

«ቅጠሉ ለጥንስሱ ነው። እንጨቱ ለድፍድፉ ነው። ቅጠል ይቸኩላል፣ እንጨት ይታገሳል» አሉኝ።

እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ጽሑፍ አገላብጫለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። የተወቀጠ ቅጠል ያለውን ምሬት ወዲያው ይለቃል። እንጨት ግን በቀስታ ነው የሚለቅ። ስለዚህ ጠላ ውስጥም «የመጀመሪያ ጌሾ» እና «የኋላ ጌሾ» አለ ማለት ነው። የኋለኛው ግን የሚገባው ጠላው ካለቀ በኋላ አይደለም፤ ገና ድፍድፍ ላይ እያለ፣ ፍላቱ ገና ብዙ ቀን ሲቀረው ነው።

አሁን ወንድምየው እንዳለው የተወቀጠ ቅጠል መጨረሻ ላይ ብትጨምሪ ምን ይሆናል? አንደኛ፣ ጥሬ ጥሬ የሚል የቅጠል ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ የሚያለዝበው ጊዜ የለውም። ሁለተኛ፣ ዱቄቱ አይጠልልም፤ የጠራው ጠላሽ ተመልሶ ጉሽ ይሆናል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ጌሾው ያልፈላ ስለሆነ ሕይወት ያለው እርሾና ተህዋስ ይዞ ይገባል። ያረፈው ጠላ እንደገና ይነሳል፣ ወይም ይኮመጥጣል። ጠርሙስ ውስጥ ጠበቅ አድርገሽ ዘግተሽው ከሆነማ ጉድ ፈላ! በተጨማሪ ጌሾ ውስጥ ኤሞዲን የሚባል ሆድ የሚያላላ ንጥረ ነገር እንዳለ ታውቋል። ሙሽሪትና ሙሽራው ሲጨፍሩ እንግዳው ሽንት ቤት ተሰልፎ እንዲውል አትፈልጊም መቼም!

እንዴት ትጠምቂው?

እህቴ፣ አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፦ ሰርጉ ላይ አትለማመጂ! ሰርጉ ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት በትንሹ ሞክሪው። ከ20 እስከ 25 ሊትር የሚወጣው ይበቃል። ለዚህ 5 ኪሎ ገብስ፣ 1 ኪሎ ብቅል፣ ግማሽ ኪሎ ጌሾ ያዢ፤ ከጌሾው ሁለት እጁ ቅጠል፣ አንድ እጁ እንጨት ይሁን። ይህ የጀማሪ ልኬት ነው። እናትሽ ሌላ ካሉሽ የእሳቸውን ያዢ።

ልኬቱን ደግሞ እንዲህ አድርጊ። እናትሽ በኪሎ አይናገሩም፤ «ይህን ያህል» ብለው በእፍኝ ነው የሚያሳዩሽ። አንቺ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጪ። እሳቸው እንደለመዱት በእፍኛቸው ይስፈሩ። አንቺ ቁጥሩን በደብተር ጻፊ። ያቺ ደብተር ከሰርግሽ አልበም ያላነሰች ንብረት ትሆናለች፤ እመኚኝ።

ዕቃው፦ ጋን ወይም እንስራ ካለ እሰየው። በግራዋ ቅጠል ፈትጋችሁ እጠቡት፤ ከዚያ በወይራ ወይም በጥንጁት እጠኑት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጭሱ ጎረቤት የሚያጣላ ከሆነ እናንተ ደርሳችሁ ቀድማችሁ ለጎረቤት ንገሩ፤ ጠላው ሲደርስ አንድ ጆግ ላኩላቸው፣ ያልቃል። ፕላስቲክ በርሜል የምትጠቀሙ ከሆነ ለምግብ የተሠራ መሆን አለበት። ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበትን በምንም ተዓምር እንዳትነኩት! ፕላስቲክ በፍም አይታጠንም፣ ይቀልጣል። ጭሱ ካማራችሁ የሸክላ ማሰሮ አጥናችሁ ጠላውን መጨረሻ ላይ ወደዚያ ገልብጡት።

ቀኑን ደግሞ ከሰርጉ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

15 ቀን ሲቀር ጥንስስ ይጣላል። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በንጹህ ውሃ ይበጠበጥና ተከድኖ ይቀመጣል። በአዲስ አበባ አየር 2 ወይም 3 ቀን ይበቃዋል። ራቤል ላይ ቢሆን ብርዱ ስለሚያዘገየው ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ እናትሽ ከአገር ቤት የሚያስታውሱት ቀንና የዚህ አገር ቀን ቢለያይ አትጣሉ፤ አፍንጫችሁን እመኑ። አረፋ ሲያወጣና ሽታው ከቅጠልነት ወደ መጠጥነት ሲያደላ ደርሷል።

12 ቀን ሲቀር ብቅሉ ተፈጭቶ፣ ከተጋገረው የገብስ ቂጣ ቁራጭ ጋር ይገባል። ብቅሉ የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ኃይል አለው። እርሾው የሚበላው ያንን ስኳር ነው። ከዚህ በኋላ ፍላቱ ይበረታል፤ ዕቃውን እስከ አፉ አትሙሉት።

10 ቀን ሲቀር የእንኩሮው ቀን ነው። ገብሱ ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል፣ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በውሃ ይለወስና ምጣድ ላይ እየተማሰለ ይበስላል። የጠላው መልክ የሚወሰነው እዚህ ነው። ብዙ ከተቆላ ይጠቁራል፣ ትንሽ ከተቆላ ቀላ ይላል። እንኩሮው በደንብ ይቀዝቅዝ! ትኩሱን ብትጨምሪው እርሾው ይሞታል፤ የ5 ቀን ልፋት በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ከቀዘቀዘ በኋላ ከጥንስሱ ጋር ይቀላቀላል። እንጨት ጌሾውም አሁን ነው የሚገባው። ይህ ድፍድፍ ነው። ተከድኖ ለአንድ ሳምንት ያህል ይተኛል።

3 ቀን ሲቀር ውሃ ይጨመራል፣ አፉ ይመረጋል። ውሃው ጥርጥር ካለው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ጭቃ ጋን ላይ ሲመረግ በመጠኑ ይተነፍሳል። ፕላስቲክና መስታወት ግን አይተነፍሱም። ክዳኑን ላላ አድርጊው፣ ወይም በንጹህ ጨርቅ እሰሪው። አጥብቀሽ ከዘጋሽው ይፈነዳል።

በሰርጉ ዋዜማ ወይም ጠዋት በንጹህ ጨርቅ ይጠልላል። የመጀመሪያው ለክብር እንግዳ ነው። አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ደግሞ ውሃ ለሚጠማው ጨፋሪ ነው።

የኋላ መዓዛ ካማራችሁ

«እሺ፣ ግን መጨረሻ ላይ መዓዛ መጨመር ፈጽሞ አይቻልም ወይ?» ካላችሁኝ፣ በትንሹ መሞከር ይቻላል። ከተጠለለው ጠላ 2 ሊትር ብቻ ለብቻ ቅዱ። 3 ጣት የሚያካክሉ የጌሾ እንጨት ስንጥሮች እጠቡና ምጣድ ላይ ቀለል አድርጋችሁ ቁሉ። መቆላቱ ጥሬነቱን ይቀንሳል፣ የቆላችሁት እንጨት የያዘውንም ተህዋስ ይገድላል። ከዚያ በፈላ ውሃ ባለፈ ነጠላ ቁራጭ ቋጥራችሁ ንከሩት። በየ6 ሰዓቱ ቅመሱ። ደስ ያላችሁ ሰዓት ላይ ክሩን ሳብ! ከአንድ ቀን አታሳልፉት። ጠጅ ጣዮች እኮ ይህን ያውቁበታል፤ ጌሾው የሚፈለገውን ሲሰጥ ከጠጁ ውስጥ ያወጡታል። ከጣፈጣችሁ ጥሩ፤ ካልጣፈጣችሁ የተበላሸው 2 ሊትር ነው፣ ጋኑ አይደለም። ቅጠል ግን በዚህ ሰዓት አይነካም።

ለወንድምየውም ጥቂት ቃል አለኝ፤ ቅር እንዳይለው። ሆፑን ሲነክር ለ1 ሊትር ቢራ ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃዋል፤ 3 ቀንም ይበቃል። ከሳምንት በላይ ካቆየው ሣር ሣር ይላል። ከረጢቱና ክብደት የሚሰጠው ነገር በፈላ ውሃ ይለፍ። ቢራውን ሲገለብጥ አያንቦጫርቀው፣ አየር ሲገባበት ያ የሚኮራበት መዓዛ ነው ቀድሞ የሚሞተው። ከሁሉ በላይ ግን ቶሎ ወደ ጠርሙስ እንዳይሮጥ! ሆፕ ራሱ ያልተበላውን ስታርች ወደ ስኳር የሚሰብር ኃይል ስላለው ያረፈው እርሾ ተመልሶ ሥራ ይጀምራል። ይህን ብራውንና ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በ1893 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። የስኳሩን መጠን የሚለካው ሃይድሮሜትር ሆፑ ከገባ በኋላ 3 ቀን ሙሉ ያው ቁጥር ላይ ከቆመ ብቻ ይዝጋ። አለበለዚያ ሰርጉ ላይ ጠርሙስ እንደ ርችት ይተኮሳል።

እውነቱን ልንገረው?

ንገሪው! ዛሬ፣ ካልተቻለ ነገ። «ነጋዴ ነበረች» ማለትሽ ውሸት ነው ብዬ አልፈርድብሽም። ጠላ የሸጠ ሰው ነጋዴ ነው፤ ገብስ በስንት ገዝቶ በስንት እንደሚሸጥ የሚያሰላ፣ ዱቤ የሚሰጥና የሚሰበስብ ነጋዴ። ነገር ግን አንቺ ቃሉን የተጠቀምሽው ጣሳዋን ለመደበቅ ነው፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ደብዳቤሽም ይናገራል። እጮኛሽ ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማው የሚከፋው እናትሽ ጠላ በመሸጣቸው ሳይሆን አንቺ ስላላመንሽው ነው።

ደግሞስ ምን ያሳፍራል? እስቲ ከላይ የዘረዘርኩትን ሥራ እንደገና አንብቢው። ያንን ሁሉ፣ ሚዛንና ሃይድሮሜትር ሳይኖራቸው፣ በየሳምንቱ፣ ለዓመታት፣ ያውም አንቺን አዝለው! ጠላው ቢበላሽ የዚያ ሳምንት ደብተርና ዩኒፎርም አብሮ ይበላሽ ነበር። አንቺ ዲግሪ ይዘሻል ማለት የብዙው ጋን ጠላ አልከሸፈም ማለት ነው። ወንድምየው በትርፍ ጊዜው ሲሠራው «ሙያ» የሚባል ነገር እናትሽ ለእንጀራ ሲሠሩት «ኋላ ቀር» የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?

ስለ አነጋገሩ ከተጨነቅሽ ረጅም ንግግር አታዘጋጂ። የመለማመጃው ጠላ እንኩሮ የሚቆላበት ቅዳሜ እጮኛሽን ጥሪው። እናትሽ ወንበር ላይ ይቀመጡና ያዝዙ፤ ማማሰያውን እሱ ይያዝ፣ እሳቱን አንቺ ያዢ። ከመምጣቱ በፊት ግን በስልክም ቢሆን እንዲህ በይው፦ «እናቴ ያሳደገችኝ ይህንን እየሸጠች ነው። እስከ ዛሬ አፍሬ ነበር የሸሸግኩህ።» በቃ። ይህን ሰምቶ ቅዳሜ የማይመጣ ሰው ከሆነ፣ ካርድ ከመታተሙ በፊት ማወቅሽ ጥሩ ነው። እኔ ግን ይመጣል ባይ ነኝ።

ለወንድምየው ደግሞ እጮኛሽ በእርጋታ ይንገረው። በሚቀጥለው ሲመጣ «እማማ፣ ጠላው እንዴት ነው የሚጠመቀው?» ብሎ እንዲጠይቃቸው ብቻ ነው የምንፈልገው። ልምከርዎት ማለቱን ትቶ «ያስተምሩኝ» ቢል የእናትሽ ዝምታ በአንድ ጊዜ ይፈታል። ከዚያ በኋላማ የሱን ቢራ ቀምሰው ሊመርቁት ሁሉ ይችላሉ።

ሰርጉ ላይ ሁለቱንም አቅርቡ። ጠላው በጆግ፣ ቢራው በጠርሙስ፣ ለማይጠጡ ደግሞ ብርዝ ወይም ለስላሳ። እንግዳው የወደደውን ያንሳ። ጠላ በአፍ ላይ ስለማይከብድ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ በደንብ የተጠመቀና የተጠለለ ጠላ ከቢራ አይተናነስም። የሙሽሮቹን መኪና የሚነዳ ሰው ከሁለቱም አንዱን እንዳይቀምስ ከወዲሁ ሰው መድቡለት።

በተረፈ አንባቢያን፣ የእናታችሁ ወይም የአያታችሁ የጌሾ ልኬት በእፍኝ የቀረባችሁ ካላችሁ፣ ሚዛኑን ዛሬውኑ አውጡና ጻፉት። የጻፋችሁትንም ላኩልኝ፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት የየአገሩን ጥንስስ እያወዳደርን እንጫወታለን። ለሙሽሪት መልካም ጋብቻ፣ ለእናቷም ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ።

መልካም ሳምንት! ቸር ይግጠመን።